ሆድ ይፍጀው አያዋጣም፦ ለሠራተኛ እውነተኛ ስሜትን የማሳየት አሠራር

ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ ሰኞ ነበር። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪን ዋጋ ለገበያ በለቀቀበት በዚያ ዕለት፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአንድ ጀንበር ከ74 ብር አለፈ። እኔ ደግሞ ሰኔ ላይ በተፈራረምኩት ዋጋ የአንድ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ልሰፋ ቃል ገብቻለሁ፤ ጨርቁን የገዛሁት ግን ግማሹን ብቻ ነው። የቀረው ግማሽ መርካቶ፣ ነጋዴው መደርደሪያ ላይ ነው፤ ነጋዴውም ስልክ ማንሳት ትቷል።

ስፌት ቤቴ ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ከአንድ ብሎኬት ማምረቻ ጎን ነው። ያን ጊዜ 28 ሠራተኞች ነበሩኝ። ጠዋት በሩን ከፍቼ «እንዴት አደራችሁ?» ብዬ ሳቅሁ፤ ቀኑን ሙሉም ሳቅሁ። ጥርስ ባዳ ነው ይባላል፤ ሆድ ሲነድ እሱ ይስቃል። የእኔ ጥርስ የዚያን ሳምንት ያህል ሠርቶ አያውቅም። ቅዳሜ ግን ሁለቱ ምርጥ ሰፊዎቼ ደመወዛቸውን ተቀብለው ወጡ፤ ሰኞ አልተመለሱም። «የስፌት መኪኖቹን ልትሸጥ ነው» የሚል ወሬ ቤቱን ሞልቶት ኖሯል።

ከወራት በኋላ ኦቨርሎክ በሚባለው የጨርቅ ጠርዝ መስፊያ መኪና ላይ የምትሠራውን ልጅ «ለመሆኑ በምን አወቃችሁ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«እትዬ፣ የዚያን ሳምንት ሻይ አብረውን አልጠጡም» አለችኝ።

እውነቷን ነው። አራት ሰዓት ላይ የሚቀርበውን ሻይ ሁልጊዜ ከእነሱ ጋር ቆሜ ነበር የምጠጣው። ያን ሳምንት ብርጭቆዬን ይዤ ቢሮ እገባ ነበር። እኔ ፊቴን ስጠብቅ፣ እነሱ ብርጭቆዬን ያያሉ።

ይህን የምጽፈው ለእንደ እኔ ዓይነቱ አሠሪ ነው፤ ከቃሊቲና ከገላን እስከ ሰበታ፣ ከቡራዩ እስከ ለገጣፎ አምስትም ሃምሳም ሰው ቀጥሮ፣ ራሱ ገዢ፣ ራሱ ሻጭ፣ ራሱ የሰው ኃይል አስተዳደር ለሆነ። የምለው ነገር አጭር ነው። ሠራተኛው ስሜታችሁን ቀድሞ አውቆታል፤ ለእናንተ የቀረው ምርጫ ስሙን ከእናንተ አፍ ይስማ ወይስ ከወሬ የሚለው ብቻ ነው። ደግሞም ስሜት አሳየሁ ብላችሁ ከኪሳችሁ ወይም ከጊዜያችሁ ምንም ካልወጣ፣ ያሳያችሁት ትያትር ነው።

የታፈነ ስሜት ለጎረቤትም ይተርፋል። በ2003 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ የማይተዋወቁ ሴቶች ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚረብሽ ፊልም ካዩ በኋላ እንዲወያዩ ተደረገ። ከሁለቱ አንዷ ስሜቷን ውጣ እንድታወራ በተነገራት ጊዜ፣ ምንም ያልተነገራት አነጋጋሪዋም የደም ግፊቷ ከፍ አለ። የእኔ ሰፊዎች የደም ግፊት መለኪያ አላስፈለጋቸውም።

1. በሩን ከመክፈታችሁ በፊት ስሜቱን በስሙ ጥሩት

በቃሊቲ በኩል የሚመጣ አሠሪ ከከባድ መኪና ኋላ ተሰልፎ የሚያሳልፈው ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ተጠቀሙበት። ስልኩን አስቀምጡና «አሁን የሚሰማኝ ምንድን ነው?» በሉ።

የመጀመሪያው መልስ ሁልጊዜ «ተናድጃለሁ» ነው፤ አትመኑት። ቋንቋችን በዚህ በኩል ሀብታም ነው፤ ቅር አለኝ፣ ከፋኝ፣ ሆድ ባሰኝ፣ ሰጋሁ፣ ደነገጥኩ፣ አፈርኩ፣ ታከተኝ። ሰባቱም የተለያዩ ናቸው፤ እኛ ግን ለሁሉም አንድ ቁጣ እናለብሳቸዋለን። እኔ አንድ ጠዋት ደንበኛ በስልክ «ቃልሽ ቃል አይደለም» ብሎኝ፣ በዚያው እግሬ ገብቼ ልብስ ተኳሿ ላይ ጮኽኩባት። የተሰማኝ ቁጣ አልነበረም፤ እፍረት ነበር። እፍረቱን ብሰማው ኖሮ ወደ ደንበኛው ተመልሼ እደውል ነበር እንጂ ልብስ ተኳሿ ምን አደረገች?

ማስታወሻ ደብተራችሁ ላይ ሦስት አጫጭር መስመሮች ጻፉ፦ የተሰማኝ ይህ ነው፤ ያመጣው ይህ ነው፤ ጉዳዩ የእገሌ ነው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሦስተኛው መስመር ላይ የጻፋችሁት ሰው ስፌት ቤቱ ውስጥ ከሌለ፣ ስፌት ቤቱ ውስጥ ለማንም አትጩኹ።

2. የማን ጉዳይ እንደሆነ ለዩ

ደመወዛቸውን፣ የሥራ ሰዓታቸውን ወይም ደኅንነታቸውን የሚነካ ከሆነ ጉዳዩ የእነሱም ነው፤ ይነገራል። ከወንድማችሁ ጋር በውርስ ከተጣላችሁ ወይም ትዳራችሁ ከተናጋ የእናንተ ነው፤ አይነገርም። የሚያስቸግረው መካከለኛው ነው፤ የእናንተ ሆኖ ፊታችሁ ላይ የሚታይ። ለዚህ እኔ ያለችኝ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ «ቤቴ የታመመ ሰው አለ፤ ዛሬ ፊቴ ቢጠቁር በእናንተ አይደለም።» ርእሱ ይበቃል፤ ዝርዝሩ ሸክም ነው።

ሸክም የምለው አቅልዬ አይደለም። ሠራተኛ ከእናንተ ንግግር ተነሥቶ መሄድ አይችልም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜን ከ60 የሥራ ቀን እንዳይበልጥ ወስኗል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ያለች ልጅ የእናንተን የትዳር ታሪክ አንድ ሰዓት ብትሰማ፣ አዝናላችሁ ይሁን ፈርታችሁ አታውቁም። ሰው ሆኜ ተገኘሁ ብላችሁ ደስ ሲላችሁ፣ እሷ ስንት ሸሚዝ እንዳመለጣት እየቆጠረች ሊሆን ይችላል።

3. አራት ነገር ተናገሩ፤ አምስተኛ አትጨምሩ

የተሰማችሁን፣ ያመጣውን፣ የምታውቁትንና የማታውቁትን፣ ቀጥሎ የምታደርጉትን። በዚሁ ቅደም ተከተል።

ከሁለቱ ሰፊዎች መሄድ በኋላ በነበረው ሰኞ፣ ሻዩ ሲመጣ ብርጭቆዬን ይዤ ከመሐላቸው ቆምኩ። ያልኩት ከሞላ ጎደል ይህ ነው፦

«ፈርቻለሁ። ሰኔ ላይ የተዋዋልኩበት ዋጋ አሁን ጨርቁን እንኳ አይገዛም። የነሐሴ ደመወዛችሁ ባንክ ተቀምጧል፤ ይህን አውቃለሁ። የመስከረምን አላውቅም። ትምህርት ቤቱ ዋጋ እንዲያሻሽልልኝ ረቡዕ ልለምን እሄዳለሁ፤ ሐሙስ በሻይ ሰዓት ያሉኝን እነግራችኋለሁ። መኪኖቹን አልሸጥም።»

ዝም አሉ። ዝምታውን በንግግር ልሞላው ምላሴ ሲያሳክከኝ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ቆራጫችን ብርጭቋቸውን አስቀመጡና «እንኳን ነገርሽን ልጄ። በይ አሁን ጨርቁን እንቆጥብ» አሉ። ትልቁንና ትንሹን ልኬት አሰባጥረን በአንድ ንጣፍ ላይ ብንቆርጥ ከየጣቃው ሁለት ቀሚስ ያህል እንደምናተርፍ ጠረጴዛው ላይ በኖራ አሳዩን። ይህን ከእኔ በፊት ያውቁት ነበር። ያልነገሩኝ ችግር መኖሩን ስላልነገርኳቸው ነው።

ሐሙስ የተባለው ሐሙስ መሆን አለበት። ትምህርት ቤቱ መልስ ባይሰጣችሁ እንኳ «መልስ አልሰጡኝም» ለማለት ቁሙ። «ፈርቻለሁ» ብሎ ሐሙስ የሚጠፋ አለቃ፣ ዝም ካለውም የባሰ ነው።

ሁሉም ደግሞ አይቆይም። ያን ንግግር ከሰሙት መሐል አንዲት ልጅ በሳምንቱ ሌላ ቦታ ተቀጥራ ሄደች፤ ልጅ የምታሳድግ ናት፣ የመስከረሙን «አላውቅም» መሸከም አልቻለችም። ትክክል ነበረች። እውነት የምንናገረው ሰው እንዲያውቅና እንዲወስን ከሆነ፣ መሄድም አንዱ ውሳኔ ነው።

4. ቁጣን በቁጣነቱ ተናገሩ፤ አሽሙርን ግን ተዉ

የእኛ አገር አለቃ ትልቁ ችግር መቆጣቱ አይመስለኝም፤ ቁጣው አሽሙር ለብሶ መምጣቱ ነው። ሥራ የሚጀመረው ሁለት ሰዓት ነው፤ ልጅቷ 40 ደቂቃ አርፍዳ ትገባለች። አለቃው «እንኳን ደህና መጣሽ፤ ለምሳ ደረስሽ» ይላታል። ሁሉም ይስቃል፤ እሷም ትስቃለች። አለቃው ተነፈሰ፤ እሷ ግን ምን ትመልስ? ይቅርታ እንዳትጠይቅ ቀልድ ነው፤ እንዳትስቅ ስድብ ነው። ለምን እንዳረፈደችም የጠየቃት የለም። አሽሙር ለተናጋሪው መሸሸጊያ አለው፤ «ቀለድኩ እኮ» ብሎ ይወጣል። ለዚህም ነው ከጩኸት የባሰ ፈሪ ስሜት የምለው።

እዚህ ከተማ ዳር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ከገላንና ከዱከም በኩል ከሚመጡት ሠራተኞቼ ብዙዎቹ አፍ የፈቱት በኦሮምኛ ነው። አንድ ጊዜ የተበላሸ አንገትጌ አይቼ «አቤት የእጅሽ ነገር!» ያልኳት ልጅ ምስጋና መስሏት፣ ያንኑ ስፌት ቀኑን ሙሉ ስትደግመው ዋለች። ጥፋቱ የማን እንደነበር ለመፍረድ ዳኛ አያስፈልግም።

ስለዚህ ስትናደዱ እንዲህ አድርጉ። እጃችሁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ቆዩ፤ ዕቃ ክፍል ገብታችሁ ቁልፍ ቁጠሩ። ከአንድ ቀን በላይ ግን አታቆዩት፤ ያደረ ቁጣ ቂም ነው፣ ቂምን ደግሞ ማንም ሰው በደግ አንደበት ተናግሮት አያውቅም። ከዚያ ሰውየውን ወይም ሴትዮዋን ለብቻ፣ ከሥራው አጠገብ ቆማችሁ አነጋግሩ። ቢሮ መጥራት ፍርድ ቤት ያስመስለዋል።

የምትሉት ያያችሁትን ነው። «አርባ ሱሪ ኪሱ ተዘቅዝቆ ተሰፍቷል። ትናንት ናሙናውን አብረን አይተን ስለነበር ተናድጃለሁ። ማታ ድረስ ተፈትቶ እንዲሰፋ እፈልጋለሁ። ምን ገጠመሽ?» የመጨረሻዋን ጥያቄ አትዝለሉ። እኔ ስጠይቅ መብራት ሄዶ በመስኮት ብርሃን ስትሰፋ እንደነበር ነው የሰማሁት። «ድሮም አንቺ» የሚል ቃል ከአፋችሁ እንዳይወጣ ተጠንቀቁ፤ «ድሮም» ያለ ሰው ስለ ሱሪው መናገር አቁሟል። ሲያበቃ ማብቃቱን ተናገሩ፤ «ጨርሻለሁ፤ ሻይ ላይ አላነሣውም።» አታንሡትም።

አንድ ጊዜ ብቻ ሳታስቡ ጩኹ፤ የአንዷ ሠራተኛ እጅ ወደ መቁረጫው ማሽን ስለት ሲጠጋ። ከዚያ ሄዳችሁ «ፈርቼ ነው የጮኽኩት» በሏት። ይህን ካላላችሁ ትዝ የሚላት ጩኸቱ ብቻ ነው።

5. ለቅሶ ላይ ተገኙ፤ ከዚያም ዝም በሉ

መጋቢት 1 ቀን 2011 የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ የ157 ሰዎች ሕይወት ባለፈ ጊዜ፣ በወቅቱ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበሩት ተወልደ ገብረማርያም በዚያው ዕለት ስብርባሪው መሐል ቆመው የታዩበት ፎቶግራፍ ዓለምን ዞረ። ፎቶግራፉ ላይ ንግግር የለም። ሰውየው ቦታው ድረስ ሄደዋል፤ አንድ መሪ በሐዘን ቀን መጀመሪያ የሚያዋጣው እግሩን ነው።

የእኛ ነገር ያነሰ ነው፤ ሥርዓቱ ግን ያው ነው። ቁልፍ የምትተክል ሠራተኛዬ እናቷ አርፈውባት ሰንዳፋን አለፍ ብሎ ወዳለው ቀበሌያቸው ሄድኩ። ከድርጅቱ የተዋጣውን ገንዘብ በፖስታ ይዤ፣ መንገድ ላይ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ ስለ ታታሪነቷ፣ እናቷ ምን ዓይነት ልጅ እንዳሳደጉልን። ድንኳኑ ውስጥ ቆሜ ጉሮሮዬን ስጠርግ አንዲት አሮጊት የነጠላዬን ጫፍ ሳብ አድርገው «ቁጭ በይ ልጄ» አሉኝ። ተቀመጥኩ። ንፍሮ በሰፌድ መጣ፤ ዘገንኩ። አንድ ሰዓት ያህል ያለ ንግግር ቆየሁ። ልጅቷ ከተመለሰች በኋላ ስለ ገንዘቡ አመስግና፣ ቀጥላ ያለችው ግን «ከአክስቴ ጎን ተቀምጠው ንፍሮ ሲበሉ አየሁዎት» ነው።

በተግባር፦ መርዶው እንደደረሰ ራሳችሁ ደውሉ፤ ጸሐፊ አታስደውሉ። የሙስሊም ቤተሰብ ከሆነ ቀብሩ ቶሎ ነው፤ «ነገ እሄዳለሁ» ስትሉ ያልፋችኋል። «እግዚአብሔር ያጽናሽ»፣ «አላህ ሶብሩን ይስጥህ» የሚሉት ቃላት ያረጁ ቢመስሉም ይበቃሉ፤ የራሳችሁን ለመፈልሰፍ አትድከሙ። ለቀብር ካልደረሳችሁ ለሠልስት ድረሱ። ድንኳን ውስጥ ስለ ሥራ አንድ ቃል አትተንፍሱ፤ «አይዞሽ ቦታሽን ይዘንልሻል» እንኳን አትበሉ፤ ቦታዋ ሊያዝ ይችል እንደነበር አሁን ነው የምትሰማው።

ከዚያ ኪሱ ይመጣል። አዋጁ ለትዳር ጓደኛ፣ ለወላጅ፣ ለልጅና እስከ ሁለተኛ ደረጃ ላለ ዘመድ ሞት ሦስት የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ወላጅ ወለጋ ወይም ወላይታ ከሞተ ሦስት ቀን መንገዱን ነው። ለልዩና ከባድ ሁኔታ እስከ አምስት ተከታታይ ቀን ያለ ደመወዝ መውሰድ እንደሚቻልም ተጽፏል፤ እኔ ከዚህ ውስጥ ሁለቱን ቀን እከፍላለሁ። ሦስት ዕንባ ቀንሶ ሁለት ቀን መክፈል ይሻላል።

ተመልሳ ስትመጣ የመጀመሪያውን ሳምንት ቀላል ሥራ ስጧት። በወሩም «እንዴት ነሽ?» በሉ። በወሩ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

6. ደስታ

ይህ አጭር ነው፤ መደረጉ ግን ብርቅ ነው። «ምስጋና ሠራተኛን ያበላሻል» ይሉ የነበሩ አሠሪ ዘንድ ነው ሙያውን የለመድኩት፤ አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን «ጎሽ» ሳይሉኝ ወጣሁ። እስካሁን አልተበላሸሁም፤ ግን እስካሁን አልረሳሁትም።

በስም፣ በሥራው፣ በሰው ፊት አመስግኑ። «በርቱ» ማለት ለማንም አይደለም። «የዚህን ኮት እጅጌ እዩት፤ ትከሻው ላይ አንዲት እጥፋት የለም፤ የሠራችው እሷ ናት» ማለት ለአንድ ሰው ነው። ደስ ሳይላችሁ ደግሞ አታስመስሉ። ዱሼን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በ1862 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው፣ ከልብ ሲሳቅ ከአፍ ጡንቻ ጋር በዓይን ዙሪያ ያለውም ይኮማተራል፤ ይህን ሁለተኛውን በፈቃድ ማዘዝ ከባድ ነው። ሠራተኞቻችሁ ዱሼንን አያውቁም፤ ዓይናችሁን ግን ያውቃሉ።

7. ዕንባ ቢመጣ

ወንድ አሠሪ «የወንድ ልጅ ዕንባ ወደ ሆዱ ነው» ይባላል፤ ሴት አሠሪ «እንደ ወንድ ጠንክሪ፣ አለበለዚያ ይንቁሻል» ትባላለች። ሁለታችንም የተመከርነው አንድ ነገር ነው።

ዕንባ ከመጣ አትሩጡ፤ አትጥሩትም። መሐረብ አውጡ፣ ትንሽ ቁሙ፣ «ይቅርታ፣ ከብዶኝ ነው፤ እቀጥላለሁ» በሉና ቀጥሉ። የከበዳችሁን ነገር ጨርሳችሁ መናገራችሁ ነው ዕንባውን የሚያስከብረው። ሠራተኞቻችሁ እናንተን ማባበል ከጀመሩ ግን ነገሩ ተገልብጧል፤ «አይዞን፣ እረፍት እናድርግ» ብላችሁ ስብሰባውን በትኑ። ሰው ልታሰናብቱ ወይም ጭማሪ ልትከለክሉ ስትሉ የሚመጣ ዕንባ ካለ ደግሞ፣ ከበር ውጭ ጨርሱት። እዚያ ላይ ማልቀስ የእነሱ ድርሻ ነው።

8. ሰው ስትቀንሱ

ከዚያ በኋላ በመጣው ኅዳር አምስት ሰው ቀነስኩ። ስለዚህ ቀን ብዙ አልጽፍም። የማውቀው ይህን ነው፦ «ለእኔም እኮ ከባድ ነው» አትበሉ። እውነት ነው፤ ግን ማታ እራት የምትበሉት እናንተ ናችሁ። ማለት የሚገባችሁ «አዝናለሁ። ውሳኔው የእኔ ነው። የአንቺ ሥራ ጎድሎ አይደለም» ነው፤ ሦስተኛው እውነት ከሆነ ብቻ። ቀጥሎ ወረቀቱን አውጡና ሒሳቡን አብራችሁ ቁጠሩ። በሠራተኛ ቅነሳ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ አለ። የሥራ ስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው፤ ለየተጨማሪው ዓመት የዚያ ሲሶ ይታከላል፤ ቅነሳ ሲሆን ደግሞ የ60 ቀን ይጨመራል። ይህን ሳይጠየቅ የሚያሰላ አሠሪ ማዘኑን ማስረዳት አይጠበቅበትም። አስልቶ የማይከፍል ደግሞ ቢያለቅስ ማን ያምነዋል?

አቅፋችሁ ለማጽናናት አትቸኩሉ፤ በተለይ ወንድ አሠሪና ሴት ሠራተኛ ከሆናችሁ። እጅ ጨብጡ። ጎንበስ ብላችሁ በሁለት እጅ ከጨበጣችሁ የሚቀር ነገር የለም።

9. ስታጠፉ

በሰው ፊት ያጠፋችሁትን በሰው ፊት ይቅርታ ጠይቁ። ልብስ ተኳሿን በሁሉም ፊት ጮኼባት፣ ለብቻ ቢሮ ጠርቼ «ይቅርታ» አልኳት፤ ለሌሎቹ እሷ ጥፋተኛ እንደሆነች ቀረች። ሁለተኛ ጊዜ በሻይ ሰዓት ማለት ነበረብኝ። «ባጠፋ» የምትለዋን ቃል አውጧት፤ «ባጠፋ ይቅርታ» የሚል ሰው ገና አላጠፋም። «ጮኽኩብሽ፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ያናደደኝ የስልክ ነገር ነው» በቂ ነው።

10. የራሳችሁን ማራገፊያ ሌላ ቦታ አብጁ

እስካሁን «ለሠራተኛ አትንገሩ» ያልኩት ሁሉ የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። የንስሐ አባት ያለው ይሂድ፤ የዕቁብ ጓደኛ ያለው ይቀጥር። እኔን «አለሁልሽ» የምትለኝ ብሎኬት አምራቿ ጎረቤቴ ናት፤ ሐሙስ ሐሙስ ማታ፣ ማሽኗ ሲቆም፣ አጥር ላይ ተደግፈን እንማረራለን። እሷ ስለ ሲሚንቶ፣ እኔ ስለ ጨርቅ። ሃያ ደቂቃ ይበቃናል።

ይሠራ እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ?

ሠራተኞቻችሁ ይወዷችሁ እንደሆነ አትጠይቁ፤ ለእሱ መልስ አታገኙም። መጥፎ ዜና ስንት ሰዓት ቆይቶ እንደሚደርሳችሁ ቁጠሩ። እኔ ጋ ድሮ የተበላሸ ሥራ የሚገኘው ዕቃው ደንበኛ እጅ ከገባ በኋላ ነበር።

ባለፈው ነሐሴ ከጋሼ ሥር ቁረጣ የምትለማመደው ልጅ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ መጥታ ከፊቴ ቆመች። መቀሱን አልለቀቀችም።

«እትዬ፣ ሠላሳ ሁለት ሱሪ በተሳሳተ ልኬት ቆርጫለሁ» አለች።

«ደነገጥኩ» አልኳት፤ ደንግጫለሁና። «ተሰፍቷል? አስፍተሽ ነው ወይስ አጥብበሽ?»

«አስፍቼ። የአራተኛ ክፍሉን በስድስተኛ ክፍል ልኬት። ገና አልተሰፋም።»

ሄደን ንጣፉን አየነው። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ኖራቸውን አነሡ። ሻዩ በረደ፤ በአምስት ሰዓት ግን ሠላሳ ሁለቱንም አራተኛ ክፍል አውርደናቸው ነበር።